የስዊድኑን ክላርኤልቨን ወንዝ ይዞ ሽቅብ፦ በሳይክልና በድንኳን

ከካርልስታድ እስከ ሃግፎሽ ያለው 90 ኪሎ ሜትር እግር አይፈትንም። ድሮ ጠባብ የባቡር ሐዲድ የተዘረጋበት መስመር ነው፤ ሐዲዱ ተነቅሎ አስፋልት ለብሷል፣ መኪናም አይገባበትም። ባቡር ዳገት ስለማይችል መስመሩ ሲቀየስ ሽቅቡ ሁሉ ተለስልሷል። ዕቃ የተጫነ ሳይክል እንኳ በመካከለኛ ማርሽ ያለ ልፋት ይሄዳል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ በዚህ የስዊድን ሸለቆ ጉዞውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም አዳሩ ነው።

ከሃግፎሽ ወደ ኤክስሄራድ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሸለቆውን የሚከተለው 62 ቁጥር አውራ ጎዳና ግንድ የጫኑ ተሳቢዎች ይመላለሱበታል። (ግንዱ እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚወርደው በወንዙ ላይ ተንሳፍፎ ነበር፤ ለሳይክለኛ ያ ዘመን ይሻል ነበር።) እኔ የምመርጠው በማዶ በኩል ያለውን ትንሽ መንገድ ነው። ከፊሉ ጠጠር ስለሆነ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ያስፈልገዋል፤ 3.5 ባር የአየር ግፊት ይበቃዋል። ከዚያ ከበዛ ያነጥራል። በጣም ካነሰ ደግሞ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል።

በጠጠር ላይ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ቸርኬ ሽቦ ነው፣ ያውም በሰንሰለቱ በኩል ያለው። በዚያ በኩል የማርሹ ጥርሶች ቦታ ስለሚይዙ ሽቦዎቹ ቀጥ ብለው ይወጠራሉ፤ ውጥረታቸው ከግራዎቹ ይበልጣል፣ ጭነቱም እነሱው ላይ ያርፋል። ልካቸው የተረጋገጠ 3 ሽቦዎችን ከፍሬሙ ጋር በፕላስተር አስሮ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ የማርሹ ጥርሶች ካልወለቁ አዲሱ ሽቦ ስለማይገባ መፍቻውም አብሮ መኖር አለበት። ምግብና ውሃን ወደ ፊት ቦርሳዎች ማዛወር የኋላውን ጎማ በጣም ያሳርፈዋል።

ወደ አዳሩ እንምጣ። በስዊድን ማንም ሰው በሌላው መሬት ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ድንኳን መትከል ይችላል፤ የሰው ቤት አጠገብና እርሻ ላይ ግን አይሆንም፣ በተጠበቁ ቦታዎች ደግሞ ሰሌዳው የሚለውን ማንበብ ግድ ነው። በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ስለሆነ ብርሃኑ ያታልላል፤ ሰው ሲነዳ ያመሽና ደክሞት ያገኘው ላይ ይተክላል። 1 ሰዓት ላይ ቦታ መፈለግ ቢጀመር ይሻላል።

ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ወንዙ በሚታጠፍበት ውስጠኛው ጎን በተከመረው ነጭ አሸዋ ላይ ነው። እዚያ አይተከልም። ክላርኤልቨን የኃይል ማመንጫ ግድቦች ያሉበት ወንዝ ስለሆነ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል ውሃው ከፍ ሊል ይችላል። ዳርቻውን ሲያዩት ውሃው አምጥቶ የተወው ጭራሮና የደረቀ ሣር እንደ መስመር ተጋድሞ ይታያል፤ ድንኳኑ ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ደግሞም ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ሸለቆው ወለል ይወርዳል፣ ከውሃው ጭጋግ ይነሣል፣ ጠዋት የድንኳኑ ውስጠኛ ግድግዳ ሲነካ ይንጠባጠባል። ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብሎ ጥድ ያለበትን ደልዳላ መሬት መያዝ ልዩነቱ ብዙ ነው። የደረቀ ቅርንጫፍ ከላይ እንዳይኖር ቀና ብሎ ማየት ነው።

ከፍ ብሎም መሬቱ ብዙውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ቀጭን ካስማ ተመዞ ይወጣል። ዘዴው ይህ ነው፦ የክንድ ግማሽ የሚያህል እንጨት ወገቡ ላይ ገመዱን ማሰር፣ 25 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ አግድም መቅበርና በእግር ደህና አድርጎ መርገጥ። ንፋስ አይነቅለውም።

ሸለቆው ባለበት በቬርምላንድ አውራጃ ጫካ ተኩላ አለ፤ ድንኳን ውስጥ ያደረን ሰው የሚያስቸግረው ግን መዥገር ነው። ማታ ማታ ከጉልበት ጀርባና ብብት መፈተሽ፣ ከተገኘም በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ቅቤም ዘይትም አይቀባም።

ለምግብ የስፒሪት ምድጃ፣ ትራንጊያ የሚባለው፣ ይበቃል። አንዴ ሲሞላ 25 ደቂቃ ያህል ይነዳል። ነበልባሉ በቀን ብርሃን ስለማይታይ የጠፋ መስሎ ስፒሪት የሚጨምርበት ሰው እጁን ይቃጠላል፤ ቀዝቅዞ ሳይነካ አይሞላም። ጎማ ያለው ክዳንም በትኩሱ ከተከደነ ጎማው ይቀልጥና ስፒሪቱ ቦርሳ ውስጥ ይፈሳል። ሽሮ በዚህ ምድጃ ላይ ይሠራል፤ ድስቱ ስስ ስለሆነ ግን እሳቱን ቀንሶ ሳያቋርጡ ማማሰል ያስፈልጋል።

በደረቅ በጋ እሳት ማንደድ ይከለከላል፤ ክልከላው ሲጠብቅ ምድጃም ሊያካትት ስለሚችል በየጠዋቱ ማጣራት ነው። ያኔ ነው በሶ የሚያኮራው፦ ለአንድ ሰው 150 ግራም፣ ትንሽ ጨው፣ ውሃ። ከቤት ተሠርቶ የመጣ ጭኮ ካለም ከሱቅ ከሚገዛው ውድ የደረቀ የተጓዥ ምግብ ይልቅ በክብደቱ ልክ ያጠግባል።

የወንዙ ውሃ ሳይጣራ ወይም ሳይፈላ አይጠጣም። በበጋ በየቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ቦታ ለአበባ ማጠጫ የሚሆን ቧንቧ አለ፤ የማይጠጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይጻፍበታል። ከኤክስሄራድ በላይ ሱቆች እየራቁ ስለሚሄዱ ኤክስሄራድ ላይ የ2 ቀን ምግብና 1 ሊትር ስፒሪት መሙላት ነው።