ቁሌቱ አንድ፣ ድስቱ ሁለት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፈው ጳጉሜን 5 ማታ ነው። ዓይኔ አሁንም ያቃጥለኛል። ከረፋዱ ጀምሮ 30 ኪሎ ሽንኩርት ስንልጥና ስንከትፍ ነው የዋልነው። እጄን በሎሚ አሸሁት፣ በአመድ አሸሁት፣ ሽታው ወይ ፍንክች! መልእክቴ ሽንኩርት ሽንኩርት ቢላችሁ ይቅር በሉኝ።

ደብረ ብርሃንን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በብርድ ልብሷ ነው። ብርዷም ለብርድ ልብሷ የሚመጥን ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ እንዴት አይበርዳት። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች በከተማችን ዳር በመጠለያ መኖር ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የተመለሱ አሉ፤ እዚሁ የቀሩም አሉ። እኛ ከእነሱ ጋር በዓል የምንውል የሰፈር ሴቶች ነን። ስም የለንም፣ ማኅተም የለንም። ያለን የእድራችን ሰታቴና ድንኳን ነው።

የመጀመሪያውን በዓል ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። ዶሮ ወጡን በየቤታችን ሠርተን፣ በሚኒባስ ጭነን ሄድን። ሰዉን አሰለፍን፣ አደልን፣ ፎቶ ተነሣን። አንዲት እናት ሳህኗን ተቀብላ «አላህ ይስጥልኝ» አለች። ልጇ እጁን ሲሰድ ቀስ ብላ ያዘችው። ያኔ ነው የባነንኩት። ዶሮው የክርስቲያን ነው! ማናችንም አልጠየቅናትም። እሷ ግን እንዳናፍር ብላ ሳህኑን ይዛ ፈገግ እንዳለች ቆመች። የዚያን ለት የተነሣነውን ፎቶ ኋላ ከስልኬ አጠፋሁት።

እንዴት ሳናውቅ ቀረን? ወለጋ ሲባል ሌላ ነገር እንጂ ወሎ ትዝ አይለንም። በ1977ቱ ድርቅ መንግሥት ከወሎ ብዙ ሕዝብ አንሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ሌሎችም ቦታዎች አሰፈረ። ዛሬ መጠለያ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እንደ ወሎ ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው። እኛ «እትዬ» የምንላቸው ሴት ከወሎ ሲነሡ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ያደጉት፣ ያገቡት፣ የወለዱት እዚያው ወለጋ፣ አንገር ጉትን ነው። «ሀገርዎ የት ነው?» ሲባሉ «ወሎን ረሳሁት፣ ወለጋ አላስቀመጠኝም፣ ይኼ የእናንተው ደግሞ ይበርዳል» ብለው ይስቃሉ። እኔ ግን መሳቅም አለመሳቅም ይቸግረኛል።

በዓመቱ ታዲያ ምግብ ይዘን አልሄድንም። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ዘይቱን በጥሬው ይዘን ሄድንና «አብረን እንሥራ» አልን። መጀመሪያ ዝም ተባለ። ቀጥሎ እትዬ መክተፊያውን ከእጄ ወሰዱት። «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ነው እንዴ ሽንኩርት የሚከተፈው?» አሉኝ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ እንግዳዋ እኔ ሆንኩ፣ ቤተኛዋ እሳቸው።

ደግነቱ የ2017 እንቁጣጣሽ ረቡዕ ነበር የዋለው። ጾም ነው። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ የማን ቢላ፣ የማን ድስት የሚባል ጣጣ የለም። ሽሮና ምስር ሃይማኖት አይጠይቅም። ሁሉም ከአንድ ትሪ ጎረሰ። ጾሙን እንደዚያ ቀን ያመሰገንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም!

ማብሰሉ ግን እንዲህ በቀላሉ አልሄደም። ምስሩ አልበስል አለ። የወለጋዎቹ ሴቶች ምስሩን ጠረጠሩት፤ «አሮጌ ነው፣ ነጋዴው ሸውዷችኋል» አሉን። ነጋዴው የለበትም፣ ጥፋቱ የከፍታው ነው። እኛ ዘንድ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ እነሱ ባደጉበት ቆላ ግን ከዚያ በላይ ይግላል። ድስቱ ሲንተከተክ እያዩት ውስጡ ያለው ጥሬ ነው። እነሱ በለመዱት ሰዓት ሊያወርዱት፣ እኛ ገና ነው ስንል፣ ስንጨቃጨቅ ሰዓቱ ሄደ።

ማገዶውም ሌላ ታሪክ ነው። ጫካ አጠገብ ላደገ ሰው ኩበት ማገዶ ነው ብሎ ማሳመን ከባድ ነው። አንዷ ወጣት አፍንጫዋን ይዛ ዳር ቆማ ነበር። ዛሬ ኩበት ከርቀት አይታ የደረቀውን ካልደረቀው ትለያለች፤ እኔን ሳይቀር ታርመኛለች። ሊጡስ? እነሱ እርሾውን ጥለው በለመዱት ቀን ሊጋግሩ ሲሉ ሊጡ ገና አልቦካም። በዚህ ብርድ የሚቸኩል ሊጥ የለም። እርሾ ከእኔ ቤት በጆግ ወሰድን፣ ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ! እንጀራው የበቆሎና የስንዴ ድብልቅ ነበር፤ ዓይኑ ትንሽ ቢሰንፍም ጣዕሙ ተወደደ።

በመሃል ስለ አንጮቴ ተነሣ። አንጮቴ የወለጋ ሥራ ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅቤ ይበላል። ለመስቀል ካልቀረበ በዓሉ በዓል አይመስልም፤ አጥንት ለተሰበረ ሰውም ይጠግናል ተብሎ ይሰጣል። እኛ ገበያ አይገኝም። እትዬ ያንኑ ዓመት በመስቀል ሰሞን በእኛው ድንች ሞከሩት። ቀቀሉ፣ ደፈጠጡ፣ ቅቤና በርበሬ ጨመሩ። ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ግን ድንችም እኮ ምን አጠፋ» አሉ። ጨረስነው። ልጆቹ አሁን ያንን ምግብ «አንጮቴ» ነው የሚሉት። እውነተኛውን አይተውት የማያውቁ ናቸው።

ዘንድሮ ጣጣው መጣ። እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነው። ሥጋ ይበላል። ሁለት በግ አዋጥተን ገዛን። አንዱ «በስመ አብ» ተብሎ ይታረዳል፣ አንዱ «ቢስሚላህ» ተብሎ። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን በግ ሁለት ሆነ ማለት እሳቱም ሁለት፣ ሴቶቹም ሁለት ቦታ፣ ወሬውም ሁለት ቦታ ሊሆን ነው። ከእኛ መሃል «እንግዲያው በሥጋው ፈንታ ሽሮ እንድገም» ያለችም ነበረች። እውነት ለመናገር እኔ ነኝ። በእነሱ በዓል ሥጋውን ልከለክል!

መፍትሔው ከእነሱ መጣ። ወጥ ወጥ የሚሆነው በቁሌቱ ነው፤ ቁሌት ውስጥ ደግሞ ሽንኩርት፣ ዘይትና በርበሬ እንጂ ሥጋ የለም። ስለዚህ ቁሌቱን አንድ ላይ እናቁላላ፣ ሥጋው ከመግባቱ በፊት ለሁለት ድስት እንክፈለው አሉ። የእድራችን ሰታቴ ግን የስንቱን ድግስ ሥጋ አብስሏል፤ አይሆንም። መጠለያው ውስጥ ገንፎና ባቄላ ብቻ የሚሠራበት ትልቅ ድስት ነበር። «ይኼ ሥጋ ነክቶት አያውቅም፣ ዕድሜ ለእርዳታ!» ብላ አንዷ ስትናገር የሳቅነው ሳቅ ለሰፈሩ ተሰማ።

እናም ዛሬ ያንን 30 ኪሎ ሽንኩርት አብረን አቁላላን። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሽንኩርት በዝግታ የሚበስል ነገር ነው፤ ተራ በተራ ከማማሰል በቀር ምንም የሚሠራ የለም። ሰው ደግሞ ሲያማስል ያወራል። ያች ሳህን ይዛ የቆመችው እናት ዛሬ ከጎኔ ነበረች። ስለዚያ ቀን ያነሣችው እሷ ናት። «ያን ዶሮ ለጎረቤቴ ለክርስቲያኗ ሰጠኋት፤ ጨው በዝቶበታል ብላለች» አለችኝ። እኔ ነበርኩ የሠራሁት።

ነገ ጠዋት ቁሌቱ ለሁለት ይከፈላል። ማማሰያዎቹ እንዳይምታቱ አንዱ ላይ ቀይ ክር፣ አንዱ ላይ ነጭ ክር ታስሯል። የትኛው የማን እንደሆነ የወሰኑት ልጆቹ ናቸው፣ በዕጣ። ሴት ልጆቹ ገና ከአሁኑ አበባየሆሽ እየተለማመዱ ነው፤ ከየድንኳኑ ደጃፍ ይሰማል። አደይ አበባ ግን ያለው ከመጠለያው ጀርባ ካለው ሜዳ ብቻ ስለሆነ በማለዳ ሄደው ሊለቅሙ ተማምለዋል።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ነገ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ኑ። ምግብ ይዛችሁ አትምጡ። ቢላ ይዛችሁ ኑ፤ የእኛ ሁሉም ደንዟል።

መልካም እንቁጣጣሽ!