«ዓለምን ገልብጪው»

ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ነበር። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 8፣ 2023። ቨርጂኒያ ውስጥ የመርሳት ችግር የሚመረመርበት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቁጭ ብለናል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታለች። የሩፋኤል ጸበል እንዳያመልጣት ዝናብ ይጥል እንደሆነ መንገዱን ሙሉ በመኪናው መስኮት ስታንጋጥጥ ነው የመጣችው።

የወሰድኳት ስለምትረሳ ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ ወጥ ጥዳ ትረሳለች፣ አንድ ነገር ሦስቴ ትጠይቃለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አትናገርም። ወንድሜ «እርጅና ነው፣ ተያት» አለ። እኔ ግን ፈርቼ ነበር።

የተቀጠረው አስተርጓሚ ቀረ። ዶክተሯ «አንቺ ትተረጉሚላት የለ?» አለችኝ፤ እኔም ምን ገዶኝ ብዬ እሺ አልኩ። እዚህ ጋ ነው የተበላሸው። (አሜሪካ ያላችሁ ይህን ያዙልኝ፦ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ሕጋዊ ግዴታው ነው። መጠየቅ አያሳፍርም።)

ፈተናው ኤም ኤም ኤስ ኢ ይባላል። ማርሻል ፎልስቲን የሚባል የአእምሮ ሐኪም ከባለቤቱ ከሱዛንና ከፖል ማክህዩ ጋር በፈረንጆቹ 1975 ያወጣው ነው። ከ30 ይታረማል፤ ከ24 በታች ያመጣ ሰው ያጠራጥራል። አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ ሐኪሞች ይወዱታል። መጥፎ ፈተና አይደለም። ግን ማን ለማን እንደጻፈው ቁጭ ብላችሁ ስታዩት ነው የሚገባችሁ።

«ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?»

«ሁለት ሺህ አሥራ አምስት።»

ስምንት ዓመት ወደ ኋላ! ዶክተሯ ዜሮ ጻፈች። ቀኑስ? «ሩፋኤል ነው ዛሬ፣ ጳጉሜን ሦስት።» ወቅቱስ? «ክረምት።» እኔ ደግሞ በት/ቤት እንግሊዝኛዬ «ዊንተር» ብዬ አረፍኩት። ውጭ ሰው በቁምጣ ይሄዳል። የእኛ ክረምት ዝናብ መሆኑን፣ እስከ መስከረም 25 መሆኑን፣ አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለን ማስረዳት ስጀምር ዶክተሯ ፈገግ ብላ አየችኝ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፣ ለእናቷ ጥብቅና የምትቆም ልጅ ናት ማለት ነው።

ከዚያ በእንግሊዝኛ «ወርልድ» የሚለውን ቃል ከኋላ ወደፊት ፊደል በፊደል መጥራት መጣ። «እማዬ፣ ዓለምን ገልብጪው» አልኳት።

«የተገለበጠችውን ዓለም ምን ብዬ ልገልብጣት፣ ልጄ?»

እኔ ሳቅኩ፣ ዶክተሯ ጻፈች። በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል ነው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ። ዓለም ግን ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ አምስቱን ነጥብ ከየት ታምጣው? በዚህ ምትክ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መሄድም ይቻላል። ሠላሳ ዓመት ደሴ ገበያ በርበሬ የሸጠችን ሴት ይህን ብትጠይቃት ኖሮ መልስም ቆጥራ ትሰጣት ነበር።

በመጨረሻ «ሰዓት ሣዪ» ተባለች። ይህ የኤም ኤም ኤስ ኢ አካል አይደለም፣ ብዙ ሐኪሞች ግን ይጨምሩታል። «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ አድርጊው።» እማዬ በ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ፊደል የቆጠረችው፤ እርሳስ የምትይዘው እንደ ወስፌ ጨብጣ ነው። መነጽሯንም ቤት ረስተነው መጥተናል (እኔ ነኝ የረሳሁት፣ እኔን ግን ማንም አልፈተነኝም)። ክቡን ሣለች። ቁጥሮቹን በየቦታቸው ደረደረች። ከዚያ አጭሩን ዘንግ 5 ላይ፣ ረጅሙን 2 ላይ አሳረፈችው።

ልክ ናት! ደሴ ቤታችን የግድግዳው ሰዓት በፈረንጅ ነው የተሞላው፣ አባዬ ነው የሚሞላው። አጭሩ ዘንግ 5 ላይ ሲሆን እኛ ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ በዓይኗ ያየችውን አሥራ አንድ ሰዓት ሣለች። በዶክተሯ ወረቀት ላይ ግን ስህተት ሆነ።

ውጤቷ 16 ሆኖ ወጣ። ከ30።

ግን ልዋሽ አልፈልግም። ሦስት ቃል ይዘሽ ቆይና በኋላ ንገሪኝ ስትባል አንዱን ብቻ ነው ያመጣችው፤ እሱንም እኔ ቅንድቤን እያነሳሁ ነው። አዎ፣ ረድቻታለሁ። የገዛ እናቴ በባዕድ ሰው ፊት ስትወድቅ ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ። ቤተሰብ አያስተርጉም የሚባለው ለዚህ ነው ለካ። ወደላይ ረዳኋት፣ በ«ዊንተር» ደግሞ ወደታች ጣልኳት፤ ያ 16 የእሷ ይሁን የእኔ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ናት ሌላ ቦታ የላከችን፣ ሥራዋ ይኸው ምዘና የሆነ ሳይኮሎጂስት ዘንድ። ይቺኛዋ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፈተና የሚባል ነገር አላነሳችም። ስንት ዓመት ተማሩ? ምን ሠርተው ኖሩ? ጆሮዎ ደህና ነው? እንቅልፍስ? መነጽር አለ? አስተርጓሚው በስልክ ነበር፣ «እማማ» እያለ በእርስዎታ። እኔን ውጭ አስቀመጡኝ። በኋላ ነው ሁሉን ያስረዳችኝ።

የተጠቀመችበት ሩዳስ የሚባለውን የመርሳት ፈተና ነው። ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ከየአገሩ ለመጡ ሰዎች ታስቦ የተሠራ ነው፤ ይህም ከ30 ነው፣ 22ና ከዚያ በታች ያሠጋል። ዓለም መገልበጥ የለም። «ሱቅ ልንሄድ ነው፣ የምንገዛውን ያዙልኝ፦ ሻይ ቅጠል፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና» ይላል። መብራትም ዜብራም የሌለው መንገድ እንዴት ይሻገራሉ ይላል። እማዬ «ግራ ቀኝ አያለሁ፣ የሚሻገር ሰው ካለ ደግሞ ከሱ ጋር እሻገራለሁ» አለች። ሙሉ ነጥብ! እንቁላሉንና ሳሙናውን ግን ጣለቻቸው። 24 አመጣች።

ከዚያ ፒ ኤች ኪው 9 መጣ፣ ስለ ድባቴ (በፈረንጅ ዲፕሬሽን) የሚጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን እንዲህ ተሰማዎት እያለ ነው የሚሄደው። እማዬ ድባቴ የሚለውን ቃል አታውቀውም። «ሆዴ ባዶ ነው፣ ልቤ ከብዶኛል፣ እህል አይወርድልኝም» ነው ያለችው። ዘጠነኛው ስለ ሞት ሐሳብ ይጠይቃል። «ምነው እሱን ተከትዬ በሄድኩ» አለች። እኔ ብሆን ኖሮ አልተረጉማትም ነበር፣ እናቶቻችን ሁሌ የሚሉት ነው ብዬ አልፋት ነበር። አስተርጓሚው እንዳለ አስተላለፋት። ሳይኮሎጂስቷም ብዕሯን አስቀምጣ፣ ራስዎን ስለመጉዳት አስበው ያውቃሉ ብላ በቀጥታ ጠየቀቻት። «አላደርገውም፣ ነፍሴን ለማን ልስጣት» አለች። ይህ የትኛውም ነጥብ ውስጥ አይገባም፤ ግን ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመኝ እሱ ነበር።

16 አመጣች፣ ከ27። ያው 16፣ ግን እዚህ ሲበዛ ነው የሚከፋው። 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን በቁም ነገር ይታያል። ሽማግሌ ሰው ላይ ድባቴ መርሳት መስሎ እንደሚመጣ ያኔ ነው የሰማሁት። የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ 12 የደም ምርመራ ታዘዘ፣ የድባቴ ሕክምና ተጀመረ። መርሳቱም ከዝርዝር አልወጣም። «ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እንፈትናለን፣ ያኔ ይለያል» ተባልን።

ቀጠሮው ሊደርስ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሱቅ ሄደን ጋሪውን እየገፋሁ ሳለ እማዬ ከኋላዬ ቀስ ብላ «ሻይ ቅጠል፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና» ስትል ሰማኋት። ዞር አልኩ።

«ለዶክተሯ እንዳትነግሪያት» አለችኝ። «እያጠናሁ ነው።»

የመጣነው ለሽንኩርት ነበር።