ኤምካቱ አይደለም፣ ቀኑ ነው የጣለኝ

ሜሪላንድ የመጣሁት በ15 ዓመቴ ነው። እናቴ ላገኘችው ሁሉ "ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው" ትል ነበር። እኛ የምናውቀው የአገር ቤቱን መንገድ ነው፤ 12ኛን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ልጅ ሌላ ዲግሪ ሳይዝ ሕክምና ይገባል። እዚህ አሜሪካ ግን መጀመሪያ የ4 ዓመት ዲግሪ፣ ከዚያ 4 ዓመት ሕክምና፣ ከዚያ ደግሞ ቢያንስ 3 ዓመት ሪዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ መሠልጠን፣ አለ። ይህን የተረዳሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው።

በባዮሎጂ ተመረቅኩ፣ ኤምካት የሚባለውን የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተፈተንኩ፣ ማመልከቻዬን ሴፕቴምበር ላይ አስገባሁ። የመጨረሻው ቀን ገና ስለነበር በጊዜ ያስገባሁ መስሎኝ ነበር። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን የመጨረሻውን ቀን አይጠብቁም። ማስገባት የሚቻለው ከሜይ መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ ነው፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይታያል፣ ለቃለ መጠይቅም ቀድሞ ይጠራል፣ እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ "ትንሽ ላስተካክለው" እያልኩ የማመልከቻውን ድርሰት ስነካካ ነበር። አንድም ትምህርት ቤት አልጠራኝም።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስክራይብ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሐኪሙ በሽተኛውን ሲያናግር አጠገቡ ቆሜ ታሪኩን ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ግን ሐኪም እንዴት እንደሚያስብ ያየሁት እዚያ ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ኬሚስትሪ እንዳስጠናላት ለመነችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት እንገናኝ ጀመር። እሱ ጓደኛውን አመጣ፣ ጓደኛው እህቱን፣ ብቻ አምስት ሆኑ።

መጀመሪያ ላይ አበላሽቻለሁ። ጥያቄውን እኔው እሠራላቸው ነበር፤ እነሱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ ልጅ በደንብ ገብቶኛል ብሎኝ ሄዶ ፈተናውን ወደቀ። በጣም ነው ያዘንኩት። ከዚያ ወዲህ እርሳሱ እነሱ እጅ ነው የሚውለው፣ እኔ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። መጠበቅ ከማስረዳት ይከብዳል።

እኔን ኤምካት ላይ የጎዳኝ የንባቡ ክፍል ነበር፤ በ90 ደቂቃ 53 ጥያቄ፣ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ጥበብ፣ ምኑ ቅጡ። ልጆቹም ንባብ ያስቸግራቸው ስለነበር አንድ ነገር ሞከርኩ። እንግሊዝኛውን አንብባችሁ ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ በአማርኛ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ አልኳቸው። ያልገባው ልጅ ወዲያው ይታወቃል፤ ቃላቱን እየደገመ ይንተባተባል። እኔም ማታ ማታ ለራሴ እንደዚያው ማድረግ ጀመርኩ። ሁለተኛ ስፈተን በንባቡ ክፍል ከ123 ወደ 127 ከፍ አልኩ፤ የክፍሉ ከፍተኛ ውጤት 132 ነው።

ሌላው ገንዘቡ ነው። ገቢያቸው ዝቅ ላለ አመልካቾች የፈተናውን ክፍያ የሚቀንስ፣ የማመልከቻውንም የሚያግዝ ፕሮግራም አለ። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ነው መጠየቅ ያለባችሁ፤ አንዴ ከከፈላችሁ አይመልሱላችሁም። እኔ የመጀመሪያውን ዙር ከኪሴ ነው የከፈልኩት። እባካችሁ እናንተ እንዳትደግሙት።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ወላጆቹን ማናገር ነው። የአንዷ ተማሪ እናት "ልጄ ሐኪም ለመሆን ስንት ዓመት ቀራት?" አለችኝ። "እትዬ፣ ከአሁኑ ብንቆጥር 11 ዓመት፣ ምናልባትም በላይ" ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ወረቀቱን ብዙ ቆይታ አየችው። ከዚያ "እንግዲያ ምነው ከአሁኑ ልሥራ ትለኛለች፣ ትማር እንጂ" አለችና ልጅቷ የቅዳሜ ሥራዋን ተወች። ያቺ ልጅ ስንፍና የለባትም፣ ጊዜ ነው ያልነበራት።

ሁለተኛውን ማመልከቻ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት አስገባሁ። አሁን የሕክምና ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ቅዳሜ መድረስ ስለማልችል ያቺው ልጅ፣ ኮሌጅ ገብታለች፣ ታናናሾቹን ተረክባለች። ባለፈው ሳምንት የቤተ መጻሕፍቱን ጠረጴዛ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ ወረቀት ላይ በትልቁ "ሜይ" ብላ ጽፋ መሐል አስቀምጣዋለች።