ሦስት ቀን ተኩል ይቆያል ያልኩት ፕሮፔን

አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ላደርቅ የጋዝ ማሞቂያ አመጣሁ። ሲሊንደሩ ላይ 27 ሊትር እና 11 ኪሎ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። እኔ 27ቱን አነሳሁ። አንድ ኪሎ ፕሮፔን 12.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ሳባዛው 348 መጣ። ማሞቂያው 4 ኪሎዋት ስለሆነ 87 ሰዓት። ሦስት ቀን ተኩል አለኝ ብዬ ለኮስኩት።

በማግስቱ ማታ ድርግም አለ።

ጋዙ እያፈሰ ነው ብዬ መጋጠሚያዎቹን በሙሉ የሳሙና ውሃ ቀባኋቸው። አንድም አረፋ የለም። የሚያፈሰው ሂሳቤ ነበር።

ሊትሩን እንደ ኪሎ ቆጥሬዋለሁ፤ ውሃ የለመደ ጭንቅላት! ፈሳሽ ፕሮፔን በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊትሩ 0.51 ኪሎ ገደማ ነው። 27 ሊትር ደግሞ የዕቃው መጠን እንጂ የጋዙ አይደለም። ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ሲሊንደሩ 80 በመቶ ገደማ ብቻ ይሞላል። 27 በ0.8፣ ከዚያ በ0.51 ሲባዛ 11 ኪሎ። ለካ መልሱ ተጽፎልኝ ኖሯል! በ12.9 አባዝቼ ለ4 ሳካፍለው 35 ሰዓት ተኩል።

አሁን የትኛውም ቁጥር ቢመጣ መጀመሪያ ወደ ኪሎ ነው የምወስደው። ሊትር ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። ጋዝ ሆኖ ከወጣማ ይብሳል፤ አንዱ ሊትር ወደ 270 ሊትር ይሆናል።

ቀን ሙሉ ያንከራተተኝ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ ሰንጠረዥ አንዱ ጋሎን ፕሮፔን 91,500 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) አለው ይላል። ጋሎኑ 3.785 ሊትር፣ ማለትም 1.92 ኪሎ ገደማ ነው። 3,412 ቢቲዩ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ 26.8 ይመጣል፤ ለ1.92 ሲካፈል 14። ታዲያ 12.9 የት ሄደ? ሦስቴ ደገምኩት፣ ያው 14። በኋላ እንደገባኝ ሁለቱም ልክ ናቸው። ፕሮፔን ሲነድ ውሃ ይፈጠራል፤ 14ቱ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ሲሆን የሚለቀውን ሙቀት ይጨምራል፣ 12.9ኙ ይተወዋል። የማሞቂያዬ መመሪያ በትንሹ ቁጥር ስለሚያሰላ በ12.9 ጸናሁ። በነገራችን ላይ 11 ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ 18 ኪሎ ውሃ ይወጣዋል። ያውም ግድግዳ ላደርቅ! መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ።

የቀረውን ለማወቅ የግፊት መለኪያ አላይም። ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው፤ ጋዙ ሊያልቅ ሲል ብቻ ነው የሚወርደው። ስለዚህ እመዝነዋለሁ። የሰው ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ቁጥሩን ስለሚሸፍነው አቅፌው እቆማለሁ። ከዚያ የራሴን ክብደትና አንገቱ ላይ የተቀረጸውን የባዶውን ክብደት እቀንሳለሁ። ትናንት 3.4 ኪሎ ቀረ፤ 11 ሰዓት ገደማ ነው።