በአንድ ደም ሁለት ውጤት

አዲስ አበባ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ባለፈው እሑድ ደውላ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዘይት ዋጋና መቼም ስለማይደርሰው የቪዛ ጉዳይዋ ካጫወተችኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እናንተም እዚያ አሜሪካ ከጥቁሮቹ ጋር ነው እንዴ የምትቆጠሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኧረ በፍጹም» እንድላት እንደፈለገች ከድምፅዋ ያስታውቃል። እኔ ግን ከዓመታት በፊት ለዚሁ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ያመጣብኝ ጣጣ ትዝ ብሎኝ ሳቄ አመለጠኝ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በምኖርበት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ለዓመታዊ ምርመራ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ደም የሚቀዱት ነርስ በዕድሜ ጠና ያሉ ጥቁር አሜሪካዊት ሲሆኑ፣ ቅጹን እየሞሉ «አፍሪካን አሜሪካን ነዎት?» አሉኝ። «አይደለሁም፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ» አልኩ። በዚያ ብበቃ ደግ ነበር፤ ነገር ግን ክንዴ በላስቲክ ታስሮ፣ ጣቴ እየደነዘዘ፣ ስለ ሦስት ሺህ ዘመን ታሪካችን፣ ስለ ፊደላችንና በቅኝ ስላለመገዛታችን ሰፊ ማብራሪያ ሰጠሁ። ሴትዮዋ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «እንግዲያው ‹ሌላ› የሚለው ላይ ምልክት ላድርግልዎት?» አሉኝ፤ እኔም በኩራት «አዎን» አልኩ።

ከሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። ኩላሊቴ ደም የማጣራት አቅሙ 58 እንደሆነና ከ60 በታች በመሆኑ ስፔሻሊስት ማየት እንዳለብኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። ቀጠሮው እስኪደርስ ባሉት ሦስት ሳምንታት ጨው ተውኩ፣ ሥጋ ተውኩ፣ ባለቤቴ ከአገር ቤት ጠበል አስመጣች፤ እኔም ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ የልጆቼን ዕድሜና የቤቱን ዕዳ ማስላት ጀመርኩ። ስፔሻሊስቱ ወረቀቱን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየና፣ «ጥቁር አይደለሁም ያሉት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ከዚያም የጠረጴዛውን ካልኩሌተር አንሥቶ 58ን በ1.159 አባዛና 67 የሚለውን ቁጥር በእስክሪብቶ ጽፎ «ደህና ነዎት፤ ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አለኝ። ገብቼ ለመውጣት ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ጥቁርም ጤነኛም ሆንኩ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የኩላሊት አቅም ማስሊያ ቀመር በደም ውስጥ ካለው ክሬቲኒን (ከጡንቻ የሚወጣና ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ)፣ ከዕድሜና ከጾታ በተጨማሪ ዘርንም ያሰላ ነበር። ለቀመሩ በምድር ላይ ያሉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጥቁርና ሌላው። ጥቁር ከሆንክ ጡንቻህ የበዛ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ውጤቱ ወደ ላይ ይባዛልሃል፤ የእኔን ክንድ ያየ ሰው ይህን ሐሳብ ለማመን እንደሚቸገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እኔን ከጭንቀት ያወጣኝ ይኸው ማባዣ ኩላሊታቸው በእርግጥ ለደከመ ጥቁሮች መከራ እንደነበረ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ቁጥራቸውን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ የንቅለ ተከላ ወረፋ ውስጥ የሚገቡት ዘግይተው ነበር። ዘርን የማያስገባው ቀመር የወጣው በ2021 ሲሆን፣ ሆስፒታሎች ለተጎዱት ሰዎች የጠፋባቸውን የወረፋ ጊዜ እንዲመልሱ የታዘዙት ደግሞ በ2023 ነው። የያኔው ደሜ በአዲሱ ቀመር ሲሰላ 61 ሆኖ ተገኘ፤ ለካ ነርሷ ፊት ያደረግሁት ንግግር ሁሉ በሦስትና በስድስት ቁጥር መካከል ሲያወዛውዘኝ ኖሯል።

አሜሪካኖች ስለ ጥቁርነት ያላቸው ሂሳብ ከጥንትም እንዲህ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በግንቦት 1888 ዓ.ም.፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሆመር ፕሌሲ የተባለውን የሉዊዚያና ሰው ከነጮች ፉርጎ መባረሩ ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ፤ ይህ ሰው ከስምንት ቅድመ አያቶቹ ሰባቱ ነጮች ነበሩ። እኔ የምኖርባት ቨርጂኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 ባወጣችው ሕግ፣ ነጭ ማለት ሌላ ደም ፈጽሞ ያልነካው ነው ብላ ደነገገች፤ ከአንድ አሥራ ስድስተኛ ያልበለጠ የቀይ ሕንድ ደም ላላቸው ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችላቸው። በጥቁርና በነጭ መካከል የሚደረግ ጋብቻ በቨርጂኒያ ሕጋዊ የሆነው በ1967 ነው። የዛሬውም ቅጽ ቢሆን ጉድ አያጣም። ካይሮ የተወለደው የሥራ ባልደረባዬ ከእኔ ይጠቁራል፤ ሆኖም የ1997ቱ የመንግሥት መመሪያ ሰሜን አፍሪካን ከነጭ ጋር ስለቆጠረ፣ ዓባይን ከላይ የጠጣሁት እኔ ጥቁር፣ ከታች የጠጣው እርሱ ነጭ ሆነን ስንኖር ቆየን። በ2024 የተሻሻለው መመሪያ ለእርሱ የራሱን ሳጥን ሲሰጠው፣ እኛን ግን ከጥቁር ምሳሌዎች መካከል ከነስማችን «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ጽፎናል። ማብራሪያ የሚሰጥበት ቦታ የለም።

ይሁን እንጂ ፈረንጁን ብቻ ብወቅስ ሐሰተኛ እሆናለሁ። አያቴ ማታ ማታ ከምታወጋልን ተረቶች አንዱ፣ ፈጣሪ ሰውን ከጭቃ ሠርቶ እሳት ውስጥ ሲከተው፣ የመጀመሪያው ሳይበስል ወጥቶ ፈረንጅ ሆነ፣ ሁለተኛው ቆይቶ አረረ፣ ሦስተኛው በልኩ በስሎ ጠይም ሆነ፣ እርሱም እኛ ነን የሚል ነበር። ያረረው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ልጅ አልነበረም፤ በሰፈራችን «ባሪያ» እየተባለ የሚሰደበውን እናውቀዋለንና። ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልሰማም። የአገራችን ስም በግሪክኛ «ፊቱ የተቃጠለ» ከሚል ቃል እንደመጣ ለአያቴ የነገራት ሰው አልነበረም። ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሕዝብ ስለሆንን የቨርጂኒያ ጸሐፊዎች ቅድመ አያት ሲቆጥሩ ብንስቅባቸው አያምርብንም። ዛሬም እዚህ በየሠርጉና በየማኅበሩ «ጥቁሮቹ ሰፈር ቤት እንዳትከራዩ» የሚል ምክር የሚሰጡት እነዚያው ጥቁሮች ታግለው በከፈቱት በር የገቡ የእኛ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ለመምጣት የምታስቡ ሁሉ፣ ቅጽ ላይ ክርክር አትግጠሙ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ከሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ይልቅ የእናታችሁን ደም ግፊትና የአባታችሁን ስኳር ንገሩት፤ ውጤት ሲሰጣችሁም የክሬቲኒኑን ቁጥርና የተሰላበትን ቀመር ጠይቁ።

በቀጣዩ ዓመት ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ወደዚያው ክሊኒክ ተመለስኩ። ነርሷ ገና ሲያዩኝ አስታወሱኝ፤ ላስቲኩን እያሰሩ «ዘንድሮስ ምን ልጻፍ?» አሉኝ። «ጥቁር» አልኩ። «ማብራሪያ የለውም?» አሉና ሳቁ፤ እኔ ግን ያዘጋጀሁት ይቅርታ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በስልክ አጫወትኳትና «አዎን፣ ከእነርሱ ጋር ነው የምንቆጠረው» ብዬ ጨረስኩ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እትዬ ግን ቀይ ናቸው እኮ! እሳቸውም?» አለችኝ።