ሐምሌ ከመስከረም ሲቀድም

ዳንቴሉን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም።

ልጄ ውጭ አገር ሲሄድ ትቶልን የሄደው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሳሎናችን ጥግ ላይ 4 ዓመት ቆሟል። ባለቤቴ ስክሪኑን በዳንቴል ሸፈነችው። ሲፒዩው ላይ የልጁን የምረቃ ፎቶ አስቀመጠችበት። አቧራው በየሳምንቱ ይጠረጋል እንጂ አንድም ቀን አልተከፈተም።

እኔ አራት ኪሎ አካባቢ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት 26 ዓመት መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ስል ነው የሸበትኩት። የዕድሩንም ሒሳብ በዚያው ልማድ በባሕር መዝገብ ነው የምይዘው። የሚታተም ነገር ሲኖር ፒያሳ ኮምፒውተር ጽሕፈት የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። እኔ በእጄ ጽፌ እሰጣለሁ፣ እሷ ቆንጆ አድርጋ ታወጣዋለች። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ሱቋም አብሮ ሄደ። የዕድራችንም አባላት ገሚሱ ገላን ጉራ፣ ገሚሱ ቦሌ አራብሳ ተበተነ። ድሮ ጡሩምባ ሲነፋ ከቤቱ የሚወጣ ሰው፣ አሁን በቴሌግራም ካልሆነ አይገኝም።

ሊቀመንበራችን "ጸሐፊ፣ እንግዲህ ምን ይሻላል?" አሉኝ። ዳንቴሉን ያነሳሁት የዚያን ቀን ማታ ነው።

ልጄ ከመሄዱ በፊት ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር። አጠገቤ ይቀመጥና ማውሱን ይይዛል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። "አየህ አባዬ? ቀላል ነው እኮ!" ምኑን አየሁት! እጁ እኮ ከዓይኔ ይፈጥናል።

ያሁኗ አስተማሪዬ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ተማሪ ናት፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስታነብ ውላ ማታ ብቅ ትላለች። ገና ስትቀመጥ "ጋሼ፣ እኔ ማውሱን አልነካም" አለችኝ። እውነትም አልነካችም። እኔ ስርበተበት እጆቿን ጭኖቿ ሥር ወሽቃ ትጠብቃለች። አንዳንዴ ጥርሷን ስታፋጭም ይሰማኛል። ግን አልነካችም። የተማርኩት ሁሉ በዚህ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አባት እናቱን የሚያስተምር ልጅ ካለ ይህቺን አንድ ነገር ይያዝልኝ፤ ማውሱን አትንኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ያለቀው በደብል ክሊክ ነው። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ማድረግ ማለት ነው፤ አንድ ፍሬ ነገር። ግን የእኔ እጅ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ትንሽ ይንሸራተታል። ያኔ ኮምፒውተሩ "ክፈት" ያልኩት ሳይሆን "ጎትት" ያልኩት ይመስለዋል። ፋይሉ መከፈቱ ቀርቶ ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። አንዱን እንዲያውም ጎትቼ ሌላ ፎልደር ውስጥ ከትቼው አንድ ቀን ሙሉ ፈለግነው። መፍትሔው ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ ማድረግ፣ ማውሱን መልቀቅ፣ ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ኢንተርን መጫን። ያው ይከፈታል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ይህን ለምን መጀመሪያ ቀን እንደማይነግሩት አይገባኝም።

እጄን ለማፍታታት ደግሞ ሶሊቴር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ አዘዘችልኝ። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር መስጠት የጀመረው በፈረንጅ 1990 ነው። ካርታውን ይዞ፣ ጎትቶ፣ ቦታው ላይ መልቀቅ ስለሆነ ለማውስ ጥሩ ልምምድ ነው። ባለቤቴ ግን ይህን የሚነግራት አላገኘችም። ከቡና ማፍያዋ ቀና ብላ "በስተርጅና ቁማር ጀመርክ?" አለችኝ። የቤት ሥራ ነው ብላት ማን ይሰማኛል።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባን። የአባላት ስም ዝርዝር በኤክሴል፣ ማለትም በሠንጠረዥ መሥሪያው ፕሮግራም። 64 አባላት አሉን። ስም፣ ስልክ፣ አሁን የሚኖሩበት ሰፈር፣ የወር መዋጮ። በሁለት ጣት እየለቀምኩ 41ኛው ላይ ስደርስ መብራት ሄደ።

ላፕቶፕ ባትሪ አለው። ዴስክቶፕ የለውም። መብራቱ ሲጠፋ እሱም አብሮ ድርግም ይላል። ሲመለስ ከፍቼ ኤክሴል ውስጥ ገባሁ። በግራ በኩል አንድ ነገር ብቅ ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቀኛል። ምን እንደሚል ሳላጣራ ዘጋሁት። ላጥፋው ወይ ሲለኝም እሺ አልኩ። በማግስቱ ልጅቷ ስትሰማ ራሷን ያዘች። ለካ ኤክሴል በየ10 ደቂቃው በራሱ መጠባበቂያ ይይዛል። ከመብራት የተረፈውን ነበር "እንካ" ብሎ ያቀረበልኝ። እኔ "ጣለው" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ይዣለሁ። አንደኛው ኮንትሮልና ኤስን አብሮ መጫን ነው፤ የጻፍኩትን ሴቭ ያደርገዋል፣ ማለትም ያስቀምጠዋል። አንድ ስም ጽፌ ኮንትሮል ኤስ፣ ሌላ ስም ጽፌ ኮንትሮል ኤስ። የግራ እጄ ትንሿ ጣት አሁን ሳላዛት ትሄዳለች። ሁለተኛው፣ ኮምፒውተር የጠየቀኝን ሳላነብ እሺ አልልም። ካልገባኝ በስልክ ፎቶ አንስቼ አቆያለሁ።

ሴቭ ማድረግ ግን ሌላ ጣጣ አለው። አስቀምጠዋለሁ፤ የት? በማግስቱ ስፈልገው የለም። ኮምፒውተሩ አልበላውም፤ እኔ ያላየሁት መደርደሪያ ላይ አኑሮታል። መጋዘን ጠባቂ ሆኜ ይህ ነው ያናደደኝ። ዕቃ ሲገባ መደርደሪያው ላይ ቢን ካርድ ይንጠለጠላል፣ ካርዱ ላይ የገባውና የወጣው ይጻፋል። ቦታው የማይታወቅ ዕቃ እንደሌለ ይቆጠራል። ልጅቷን "መጀመሪያ መደርደሪያውን አሳዪኝ" አልኳት። ስክሪኑ ባዶ ቦታ ላይ የማውሱን ቀኝ ጠቅ አድርጌ አንድ ፎልደር ከፈትኩ። ስሙን ዕድር አልኩት። ከዚያ በኋላ ሴቭ ሲለኝ መጀመሪያ ስሙን ሳይሆን ቦታውን ነው የማየው። ይህ ከገባኝ በኋላ ኮምፒውተሩ መጋዘን ሆነልኝ። ኮፒ ማለት ዕቃው መደርደሪያው ላይ እያለ አምሳያውን ወጪ ማድረግ ነው። እኔ ባለሥልጣን ብሆን ኖሮ ይህን ነበር ለመንግሥት መጋዘን የምመኘው። ከት ግን እውነተኛ ወጪ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ይሄዳል። ያጠፉት ነገር ሪሳይክል ቢን ውስጥ ገብቶ ይቆያል፤ ሐሳብ ከቀየሩ ይመለሳል። ከፍላሽ ላይ ያጠፉት ግን እዚያ አይገባም። በዚያው ቀለጠ።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ።

ኪቦርዱ ላይ ያሉት 26ቱ የላቲን ፊደላት ናቸው። የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ስለዚህ በድምፅ ነው የሚጻፈው። ኤስን ነክቼ ኢ ስጨምር ሰ፣ ዩ ስጨምር ሱ ይሆናል። ለጠ ሺፍት ይዞ ቲን መንካት ነው። ይህን በሦስት ቀን ለመድኩት፤ ከደብል ክሊኩ በጣም ይቀላል። ልጄ የጫነው የቆየ የግዕዝ ሶፍትዌር ነበር፤ በሱ የስብሰባ ጥሪ ጻፍኩ። ቆንጆ ነው። በፍላሽ ይዤ አራት ኪሎ አንድ ማተሚያ ሱቅ ወሰድኩት።

ልጁ ከፈተው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ነጠላ ሰረዝ፣ ቅንፍ፣ ዜድ፣ የዶላር ምልክት... "ጋሼ፣ ይሄ በምን ቋንቋ ነው?" አለኝ። ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ተማሪዎች አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሳልፈልግ አብሬያቸው ሳቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች፣ ማለትም የፊደል ቅርጾች፣ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠው ነው የሚሠሩት። ካርዱ ላይ ስኳር ተብሎ ተጽፎ መደርደሪያው ላይ ሲሚንቶ እንደማለት ነው። ያ ፎንት ያለበት ቤት ሚስጥሩን ያውቃል። የሌለበት ቤት ካርዱን አንብቦ ስኳር ይላል። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ አሠራር የኢትዮጵያን ፊደል በፈረንጅ 1999 የራሱ ቦታ ሰጠው። ስለዚህ ሰ የትም ቢሄድ ሰ ነው። ልጅቷ የዩኒኮድ ኪቦርድ ጫነችልኝ፤ አሁን በኒያላ ፎንት ነው የምጽፈው። ለማተሚያ ሱቅ ሲሆን ደግሞ ሴቭ አዝ ብዬ ፒዲኤፍ አደርገዋለሁ። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ተሸክሞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት ያው ነው።

በአማርኛ መጻፍ ከተቻለ ፋይሎቹንም በአማርኛ ልሰይማቸው ብዬ የየወሩን መዋጮ በወሩ ስም አስቀመጥኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ፎልደሩን ስከፍተው ሐምሌ ከሁሉም በላይ ቁጭ ብሏል! ከሥሩ መስከረም። ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ስለሚደረድር ሐ ከመ ቀደመ። በጀት ዓመት ሐምሌ 1 የሚጀምር መሥሪያ ቤት ውስጥ ለኖረ ሰው ይህ ሊያስደነግጠው አይገባም ነበር፤ ግን ዕድር በጀት ዓመት የለውም። አሁን ከስሙ በፊት ቁጥር አደርጋለሁ፤ 01 መስከረም፣ 02 ጥቅምት እያልኩ እስከ 12 ነሐሴ። ጳጉሜን ላይ መዋጮ ስለማንሰበስብ 13 አላስፈለገኝም።

በጣም የለፋሁበት ግን አንድ ድምር ነው። እያንዳንዱ አባል በወር 100 ብር ያዋጣል። 64 ሰው፣ 6,400 ብር። የጥሬ ገንዘቡ ቆጠራ ልክ ነው፣ ባሕር መዝገቡም ልክ ነው። ኤክሴል ግን 6,100 አለኝ። የ300 ብር ጉድለት! መጋዘን ጠባቂ ጉድለት ሲባል ሆዱን ነው የሚያመው። ሌሊት ተነስቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሁሉም ጋ 100 አለ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ።

ልጅቷ ስትመጣ አንዴ አየችና "ጋሼ፣ እነዚህ ሦስቱ ለምን በግራ በኩል ቆሙ?" አለችኝ። ለካ ለሦስት ሰው "100 ብር" ብዬ ጽፌ ኖሯል። ብር የሚለው ቃል ሲጨመርበት ኤክሴል ቁጥር መሆኑን ይረሳና እንደ ጽሑፍ ያየዋል። ጽሑፍ አይደመርም፤ ሳይናገር ዘሎት ያልፋል። ቁጥር በራሱ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። ስህተቱ ስክሪኑ ላይ በግልጽ ቆሞ ነበር፤ እኔ ቁጥሩን እንጂ አቋቋሙን አላየሁም። ሦስቱን "ብር" ባጠፋሁ ጊዜ ድምሩ በዓይኔ ፊት 6,400 ሆነ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። "እና መጀመሪያስ ስንት ነበር?" አለች።

የመጨረሻው ጣጣ የፊደል ነው። ኮንትሮል ኤፍ ስም ይፈልጋል። ኃይሉ የሚባል አባል አለን። "ሀይሉ" ብዬ ስፈልገው የለም ይለኛል። ለእኔ ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሃሌታው ሀና ብዙኃኑ ኀ አይተዋወቁም። ስለዚህ ጥበበኛ የሆንኩ መስሎኝ ሁሉንም በሃሌታው ሀ አደረግኳቸው። ሠውንም ሰ፣ ዐውንም አ። ፍለጋው ቀለለ።

ከዚያ ዝርዝሩን ፒዲኤፍ አድርጌ፣ ራሴ፣ ማንም ማውሱን ሳይነካልኝ፣ በዕድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ላክሁት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከገላን ጉራ መልስ መጣ። ምስጋና መስሎኝ ከፈትኩት።

"ጸሐፊ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን አባቴ ስሜን ያወጡልኝ በብዙኃኑ ኀ ነው።"

እሳቸው እውነታቸውን ነው። ኤክሴሉን ከፍቼ ስሞቹን ሁሉ እንደየባለቤታቸው አጻጻፍ መለስኩ። ጎን ለጎን ደግሞ "ለፍለጋ" የሚል ሌላ ዓምድ ጨመርኩ፤ እዚያ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሀ ነው የተጻፈው፣ ስታተም እደብቀዋለሁ። ይህን ሲያሳዩኝ አይደለም፣ ራሴ ነኝ ያሰብኩት። ኮንትሮል ኤስ ብዬ እንደገና ላክሁ። አቶ ኃይሉ አውራ ጣት ላኩልኝ።