የሪጋው ፍጻሜና የልጄ ጥያቄ

ፍራንክፈርት፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጀርመን የአውሮፓ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን ሆነች። ትናንት እሁድ ማታ ሪጋ ላይ ቱርክን 88 ለ 83 አሸነፈች። ዛሬ ደግሞ የቡድኑ አምበል ዴኒስ ሽሮደር 32 ዓመት ሞላው። ከሥራ ስመለስ ትራም ውስጥ ይህን ሳነብ እንደ ዘመዴ ደስ አለኝ።

ይህን የምጽፈው ለልጄ ነው። አማርኛ ማንበብ ገና እየተማረ ነው፤ ፊደሉን ጨርሶ ቃላት ላይ ደርሷል። ሲያድግ ያነበዋል። ትናንት በጨዋታው መሐል የጠየቀኝ ነገር ቆሎ እየበሉ በሁለት ቃል የሚመለስ አይደለም።

የዘንድሮው ውድድር ከእንቁጣጣሽ ጋር ገጠመ። ሩብ ፍጻሜው የነበረው ጳጉሜን 5 ማታ ነው። እኔ ማድቤት የዶሮውን ሽንኩርት አቁላላለሁ፣ እሱ ሳሎን ሆኖ ይጮሃል። የስሎቬኒያው ሉካ ዶንቺች ብቻውን 39 ነጥብ አስቆጠረ። ያም ሆኖ ጀርመን 99 ለ 91 አሸነፈች። መስከረም 2 ደግሞ ፊንላንድን 98 ለ 86 ረታች። ለፍጻሜው ቱርክ ቀረች።

ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከቱርክ የመጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ልጃቸውና ልጄ አንድ ክፍል ነው የሚማሩት፣ አንድ ክለብ ነው የሚጫወቱት። ሁለቱም እዚሁ ፍራንክፈርት ተወልደዋል። ትናንት ያ ልጅ የቱርክን ቀይ ማሊያ ለብሶ መጣ። እናቱ ባቅላባ በሰሃን ልካለች። እኔም ከበዓሉ የተረፈውን ድፎ ዳቦ ቆርሼ ላኩላት።

ቱርኮች ሲጀምሩ እሳት ነበሩ። አልፔረን ሼንጉን የሚባለው ግዙፍ ልጅ ቅርጫቱ ስር ማንንም አያስጠጋም፤ ብቻውን 28 ነጥብ አስቆጥሯል። ጎረቤታችን ሶፋው ላይ ቆሞ ይዘላል። ልጄ ተናዶ ወደ ማድቤት መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማዬ፣ እሱ እዚህ ተወልዶ ለምንድን ነው ቱርክን የሚደግፈው?» አለኝ። ቱርክም ጀርመንም የሱ ናቸው አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «እሺ ኢትዮጵያ ብትሆንስ? እኔ ማንን ነው የምደግፈው?» አለ። ሳሎን ውስጥ ጩኸት ተነሣ፤ መልሱን ሳይጠብቅ ሮጠ።

እኔ ግን ጥያቄውን ይዤ ቀረሁ።

መጀመሪያ ስለ ሽሮደር ልንገርህ ልጄ። የተወለደው ብራውንሽቫይግ ነው። አባቱ ጀርመናዊ ናቸው፣ እናቱ ከጋምቢያ የመጡ። ጀርመን ይህን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣችው በ1993 ሙኒክ ላይ ነበር (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሩሲያን 71 ለ 70፣ በአንዲት ነጥብ። ሽሮደር የተወለደው ከዚያ ሁለት ወር በኋላ ነው። ልጅ ሆኖ ስኬትቦርድ ላይ ነበር የሚውለው። አባቱ የሞቱት እሱ ገና ታዳጊ ሳለ ነው። በ2023 ማኒላ ላይ ጀርመን የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን የውድድሩ ኮከብ እሱ ነበር። በፓሪሱ ኦሎምፒክ የጀርመንን ባንዲራ ይዞ በመክፈቻው ካለፉት ሁለት ስፖርተኞች አንዱም እሱ ነው።

ይሄ ሰው ነው በዚሁ ውድድር፣ ነሐሴ 24 ቀን ፊንላንድ ውስጥ ታምፔሬ ላይ የተሰደበው። ጀርመን ከሊቱዌኒያ ጋር ስትጫወት፣ ለዕረፍት ሲወጣ፣ ከተመልካቹ መሐል የዝንጀሮ ድምፅ አሰሙበት። ራሱ ነው የተናገረው። አንድ ደጋፊ ተለይቶ ከውድድሩ ታገደ። ሽሮደር ስድብን እንደሚችል፣ ዘረኝነትን ግን እንደማይቀበል ገለጸ። በሚቀጥለው ቀን ወሬው አለፈ፣ ጨዋታው ቀጠለ።

በኔ ቤት ግን አላለፈም። ባለፈው ክረምት ከከተማ ወጣ ብለን በተጫወትንበት ቀን ከተመልካች መቀመጫ ምን እንደተባልክ አስታውሳለሁ። አንተ ያን ቀን ጫማህን ፈትተህ፣ ቦርሳህን አንግተህ፣ ባቡር ውስጥ ዝም ብለህ መጣህ። ማታ ላይ ነው የነገርከኝ። ጋቢዬን አልብሼህ አቀፍኩህ እንጂ የምለው አልነበረኝም። ስለዚህ የታምፔሬውን ዜና ስሰማ ለሽሮደር ብቻ አይደለም ደሜ የፈላው።

እና ትናንት ማታ ምን ሆነ? ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ቱርክ 83 ለ 82 ትመራ ነበር። የመጨረሻዎቹን ስድስት ነጥቦች በሙሉ ያስቆጠረው ሽሮደር ነው። ሰብሮ ገብቶ አንድ፣ ከርቀት ዘሎ ሌላ፣ ከዚያ ሁለት ቅጣት ምት። አለቀ። ልጄ ጮኸ፣ ጎረቤታችን ሶፋው ላይ ተደፋ፣ እኔ እንባዬ መጣ።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሥራ ቦታ ስለሱ ሲወራ ዋለ። የምንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ፣ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ስሜን የረሱ ሰው፣ የሽሮደርን ስም ሳይሳሳቱ ጠሩልኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ባይገባለትስ ኖሮ? ያቺ ኳስ ብረቱን መትታ ብትመለስ፣ ቱርክ ብታሸንፍ፣ ዛሬ ጠዋት ስሙን የሚጠሩት በምን ቃና ነበር? ይሄ ነው የሚያሳስበኝ። ልጄ ሰው ለመባል ፍጻሜ ላይ ስድስት ነጥብ እንዲያስቆጥር አልፈልግም። ኳስ ቢስትም፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቢቀመጥም፣ ጭራሽ መጫወት ቢያቆምም ይህች ከተማ የሱ ናት።

የግሪኩን ያኒስ አንቴቶኩንፖን ነገር ሳስብ ይሄ ሐሳብ ይብስብኛል። ወላጆቹ ከናይጄሪያ ነው አቴንስ የገቡት። ያኒስ እዚያው በ1994 ተወለደ፣ ሴፖሊያ የሚባል ሰፈር አደገ፣ እዚያው ተማረ። ከወንድሞቹ ጋር መንገድ ላይ ሰዓትና መነጽር እያዞረ ይሸጥ ነበር። ግን የግሪክም የናይጄሪያም ወረቀት አልነበረውም። እስከ 18 ዓመቱ ድረስ ዜግነት አልባ ነበር። ፓስፖርት ያገኘው በግንቦት 2013 ነው፤ ኤንቢኤ በሚባለው የአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ ሊመረጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት።

ዛሬ የዓለም ኮከብ ነው። ትናንት ለነሐስ በተደረገው ጨዋታ ግሪክ ፊንላንድን 92 ለ 89 ስታሸንፍ 30 ነጥብ አስቆጠረ። በ2021 የኤንቢኤን ዋንጫ ያነሣ ሰው፣ ይህች የነሐስ ሜዳሊያ ምናልባት የሕይወቱ ትልቁ ስኬት እንደሆነች ተናገረ። አምነዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዜጋዬ ብላ ያልመዘገበችውን አገር ስም ደረቱ ላይ አድርጎ ነው ያሸነፈው።

ደስታዬ ግን ሙሉ አይሆንም። ከያኒስ ጋር እዚያው ሰፈር ያደጉ፣ ያንን የመሰለ ቁመትና ተሰጥኦ ያልነበራቸው ልጆች አሉ። ወረቀቱ ለነሱ ቶሎ አልመጣም። በ2010 የወጣው ሕግ በፍርድ ቤት ከተሻረ በኋላ፣ ግሪክ እዚያ ለተወለዱና ለተማሩ የስደተኛ ልጆች በሩን በሕግ እንደገና የከፈተችው በ2015 ነው። ያኒስ ፓስፖርት ካገኘ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አንድ አገር ልጆቿን ለማወቅ እስኪረዝሙ መጠበቅ የለባትም።

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ውድድር ከጥንትም የስደተኛ ልጆች ውድድር ነው። የመጀመሪያው የተካሄደው በ1935 ጄኔቫ ላይ ሲሆን ላትቪያ አሸነፈች። በ1939 ሊቱዌኒያ አዘጋጅ ሆነች፤ ካውናስ ላይ ለዚሁ ብላ ትልቅ አዳራሽ ሠራች። ያን ዓመት የሊቱዌኒያ ምሰሶ የነበረው ፍራንክ ሉቢን የተወለደው ሎስ አንጀለስ ነው። ወላጆቹ ከሊቱዌኒያ የተሰደዱ ናቸው። በ1936 በርሊን ላይ ለአሜሪካ የኦሎምፒክ ወርቅ አምጥቶ ነበር። ከዚያ ወደ ወላጆቹ አገር ሄደና ተሰለፈ። ላትቪያን 37 ለ 36 ሲያሸንፉ የመጨረሻዋን ኳስ ያገባው እሱ ነው። እስከ ዛሬ በሊቱዌኒያ ቅርጫት ኳስ እንደ ሃይማኖት የሚታየው ከነዚያ ዓመታት ጀምሮ ነው።

ግሪክም እንዲሁ። በ1987 ፒሬዎስ ላይ ሶቪየት ኅብረትን በጭማሪ ሰዓት 103 ለ 101 ያሸነፈችበት ፍጻሜ አገሪቱን ቅርጫት ኳስ ያስያዘ ቀን ነው። 40 ነጥብ ያስቆጠረው ኒኮስ ጋሊስ የተወለደው ኒው ጀርሲ ነው፤ የግሪክ ስደተኞች ልጅ። ወደ ወላጆቹ አገር የተመለሰው ካደገ በኋላ ነው። እንግዲህ አስበው። ግሪክ ውስጥ ሁለቱ ትልልቅ ስሞች አንዱ ወጥተው ከሄዱ ሰዎች፣ ሌላው መጥተው ከገቡ ሰዎች የተወለዱ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ሳነበው በጣም ደስ ስላለኝ ነው። በ1949 የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነችው ግብፅ ናት። ውድድሩ የተካሄደው ካይሮ ነበር። ያኔ የአፍሪካ ዋንጫ በቅርጫት ኳስ ገና አልተጀመረም፤ የተጀመረው በ1962 ነው። ሶሪያና ሊባኖስም ተጫውተዋል። ስለዚህ «ይሄ የአውሮፓ ነው፣ አንተ ምን አገባህ» የሚልህ ሰው ካለ ካይሮን ጥቀስለት።

የአሁኑን የጀርመን ቡድንም አብረን አይተነዋል። የፍጻሜው ጨዋታ ኮከብ የተባለው አይዛክ ቦንጋ ቤተሰቦቹ ከኮንጎ ናቸው። እሱ የተወለደው ራይን ወንዝ ዳር ኖይቪድ ነው፣ በወጣትነቱ የተጫወተው ደግሞ እዚሁ ለፍራንክፈርት ስካይላይነርስ። አንተ በትራም የምትሄድበት አዳራሽ ውስጥ ማለት ነው።

ሕጉ አሁንም ሁሉን ልጅ እኩል አያይም። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊባ ደንብ፣ ከ16 ዓመቱ በኋላ ዜግነት ያገኘ ተጫዋች በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ለየት ያለ ጉዳይ ሲኖር እየታየ ይፈቀዳል። የደንቡ ዓላማ ይገባኛል። አገሮች ተጫዋች እንዳይገዙ ነው። ግን በስደት በስምንት ዓመቱ መጥቶ፣ እዚህ ተምሮ፣ ወረቀቱ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የደረሰለት ልጅ የተገዛ ተጫዋች አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤታችን እንኳ እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። ወረቀት ቤት የዘገየው ፋይል የነሱ ጥፋት አይደለም። የመጡበት ቀን ቢቆጠርላቸው ነው የሚሻለው።

የኛም አገር ሕግ ቀላል አይደለም። ጀርመን ከ2024 ጀምሮ ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች። ኢትዮጵያ አትፈቅድም። ልጄ ጀርመናዊ ስለሆነ ከኢትዮጵያ የሚያገኘው ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ነው። ቪዛ ሳይጠይቅ ይገባል፣ ይሠራል፤ መምረጥ ግን አይችልም። ሉቢንና ጋሊስ ወደ ወላጆቻቸው አገር ሲሄዱ ማሊያ ነው የተሰጣቸው። የኛ ልጆች በየአገሩ በየሜዳው እየበቀሉ ነው፤ በአሜሪካም፣ በስዊድንም፣ በእስራኤልም። አንድ ቀን ኢትዮጵያ ጠርታቸው «ኑ ተሰለፉ» ብትል እንዴት ደስ ባለኝ።

እና ለጥያቄህ መልሴ ይሄ ነው ልጄ። ኢትዮጵያ ብትጫወት የፈለግከውን ደግፍ። ሁለቱንም ብትደግፍ ማንም ከሃዲ ሊልህ አይችልም፤ እኔም አልልህም። ጓደኛህንም ተወው፣ ማሊያውን ይልበስ። አያቱ ኢዝሚር ናቸው ያሉት፤ ትናንት ጨዋታው እንዳለቀ ስልክ ደውሎ አብሯቸው ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። ያ ፍቅር ነው። አንተም አዲስ አበባ ላሉት አያትህ ስትደውል ጀርመን አሸነፈች ብለህ በጀርመንኛና በአማርኛ ቀላቅለህ ስትነግራቸው፣ «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ሲሉ ሰምተሃል። ቅርጫት ኳስ አይተው አያውቁም።

ማክሰኞ ልምምድ አለ። ከላይኛው ፎቅ እናት ጋር ዛሬ ደረጃው ላይ ተገናኝተን ስናወራ ነበር። የሚቀጥለው ውድድር በ2029 ነው። አቴንስም ከአዘጋጆቹ አንዷ ናት። ሁለቱንም ልጆች ይዘን ለመሄድ ተስማምተናል፤ እስከዚያ ከየወሩ ደሞዛችን ትንሽ ትንሽ እናስቀምጣለን። ሴፖሊያ ያለችውን ያኒስ የተጫወተባትን ሜዳም ማየት እፈልጋለሁ።